በሱፍ ጓንት ያስታጠብኳቸው ሽማግሌዎች

ለውዷ ታላቅ እህቴ፣

አላህ ያየኛልና ምንም ሳልደብቅ እመሰክራለሁ፦ ዛሬ ጧት አከክሁ። አንድ ጣት ብቻ፣ እሱንም በትሕትና።

አሰላሙ ዐለይኪ። የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት ያደርግሻል? የነርስነቱ ተረኝነትስ ያስተኛሻል? እኛ ከእጄ ቆዳ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ታኅሣሥ ከገባ ወዲህ ችፌው ተነስቶብኝ፣ እጄ እንደ ጀንፈል ቡና ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አባባ "የፈላ ውሃ ብርዱን ያወጣዋል" ብሎ ነከረኝ፤ የወጣው ጩኸቴ ነው። አክስታችን ለጢፋ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት አሸችኝ፤ ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩ ሳይቀር ወደ ውጭ መተንፈስ ጀመረ። ትንሽ ያሻለኝ አንቺ በስልክ ያዘዝሽው ነው፦ ለብ ባለ ውሃ መታጠብ፣ ሽቶ ያለውን ሳሙና መተው፣ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊን መለቅለቅ።

ግን ለዛሬ አልደረሰልኝም። ዛሬ ደግሞ አንቺን ሊጠይቁ ሽማግሌ የሚመጣበት ቀን!

አክስታችን "እጅሽን ካዩ 'በዘር ያለ ነው' ብለው ይመለሳሉ። የእህትሽን ዕድል እንዳትዘጊ" አለችኝ። ሳቅኩባት፤ ግን ሆዴ ገባ። እጅ የሚያስታጥብ ሌላ ልጅ ቤት ውስጥ ስለሌለ የአባባን የሱፍ ጓንት አጠለቀችልኝ። እስቲ አስቢው፣ ማንቆርቆሪያ ይዤ፣ በሱፍ ጓንት! ሱፉ ራሱ ያሳክካል እኮ።

የልጁ አያት ሐጂ አብዱልሃዲ "ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ቤታችሁ በረዶ ይጥላል እንዴ?" አሉና፣ እጅ ሳይሳሳሙ ሰላምታ የለም ብለው ጓንቱን መዠረጡት። አክስታችን ዓይኗን ጨፈነች። ሐጂ እጄን ሳሙ፣ አገላብጠው አዩ፣ ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክርናቸው ከኔ እጅ የባሰ! "ማሎ፣ እባክሽ ልጄ፣ ምን ትቀቢያለሽ?" አሉኝ። አብረዋቸው የመጡት ሽማግሌም ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰቀሉ። ያ የተከበረ ሽምግልና የቆዳ ክሊኒክ ሆኖ አረፈው። ያንቺን ትእዛዝ እንደ ኹጥባ ሰበክሁላቸው። ሐጂማ "ይቺ ነርስ እህትሽ መቼ ነው የምትመጣው? ታየኝ ነበር" አሉ። ምሳ በሉ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ሄዱ።

ባጃጃቸው ከታጠፈ በኋላ አባባ "ለመሆኑ ልጅቷን ጠየቁ?" አለ። ለካ ማንም አልጠየቀም! አክስታችን "እጇን አይተው ነው፤ በጨዋ ደንብ ሸሹ" አለች። ከዚያ ወዲህ ጓዳ ተደብቄ ይህን እጽፍልሻለሁ። እህቴ፣ እውነት በኔ የተነሳ ከሆነ... ተይው። ስትመጪ ብቻ ትልቁን ቫዝሊን ግዢልኝ።

ቆይ፣ ባጃጅ ቆመ። በመጋረጃው ሳጮልቅ ያው እነሱ ናቸው! ሐጂ "ከሰቶ ሰመሮ ሰፈር ተመለስን እኮ! ወሬው የመጣንበትን አስረስቶን" እያሉ ይስቃሉ፤ አባባ ኮፍያውን ፍለጋ ይሯሯጣል።

አላህ እጅሽን ለበሽተኛ ሁሉ ሽፋ ያድርገው፣ ቤትሽንም ያሙቀው፣ አሚን በይ።

ታናሽሽ

ወይኔ፣ እግሬን ከመጋረጃው ስር አዩት፦ "ማሂራ! ነይ ውጪ። እህትሽን ልንጠይቅ ነው፤ አንቺ መሃላችን ሳትቀመጪ አንጀምርም!"