ቦኖው የተከፈተበት ንግግር

ልጄ ኤሌኒ፣ የሀና ማርያም እመቤት ከሶፊያ ብርድ ትሸፍንሽ። ደብዳቤዬን መንገድ ላይ ከፍቶ ለሚያነበው ወንድምም ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ከድካሙ በቀር ደህና ነኝ። ላሚቱ ወልዳለች። «ክፍል ውስጥ መናገር ፈራሁ፣ ልመለስ ነው» ያልሽውን ግን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ስሚኝማ። ቦኖው ተዘግቶ ከወንዝ ስንቀዳ ከረምን። እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ጎረቤታችን ዙሌካ ጎኔን ጎሸም አድርጋ፣ «እትዬ ፀሐይወርቅ፣ ዛሬ ካልተናገሩ ነገም እንስራ ማዘል ነው!» አለችኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሣሁ። እንደ ስብሰባው ደንብ መፈክር በማሰማት ፈንታ እንደ እድራችን ልማድ «ከሁሉ አስቀድሞ ፈጣሪ ይመስገን» ብዬ ጀመርኩ። አዳራሹ በሙሉ «አሜን!» አለ፤ ከሁሉ አብልጦ የጮኸው ሊቀ መንበሩ ነበር። ደንግጦ እንደ መፈክር ጊዜ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ሰቀለ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቆጣኝ? ስለ ውሃው የሆዴን ተናገርኩ።

ቦኖው ተከፈተ። እኔም የቦኖ ኮሚቴ ሰብሳቢ ተብዬ ጎህ ሳይቀድ ወረፋ አስከብራለሁ። እድገት ነው ብለውኛል፤ ለወገቤ ግን የነገረው የለም።

አንደበትሽን ይፍታልሽ፣ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። ልመናዬ አንድ ነው፤ መምህሩ ሲጠይቅ እጅሽን አንሺ። ቀኝም ሆነ ግራ፣ ብቻ አንሺ።

እናትሽ ፀሐይወርቅ