እንግዳዋ አልጋ ላይ፣ በረኛዋ ወለል ላይ

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፦

እማዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ መውጣት መውረዱን ቀነስሽ ወይስ አሁንም የሰው ምክር አትሰሚም? ዓይንሽስ? ያዘዙልሽን ጠብታ ራስሽ ትጨርሺዋለሽ ወይስ እንደ ድሮው ለጎረቤት ታካፍያለሽ? የቤቱ ሰው፣ ጎረቤቱ፣ የግቢዋ ድመት እንኳ ሳትቀር ሁላችሁም ሰላም ናችሁ ወይ? አንተም ደብዳቤውን የምታነብላት ታናሽ ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? የከበደህን መስመር እየዘለልክ እንዳታነብላት፤ ዛሬ የምጽፈው አንዱም የሚዘለል አይደለም።

እኛ ደህና ነን ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። አካላችንማ ደህና ነው። ባለቤቴ አውቶቡሱን ይነዳል፣ እኔም ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ ከመኪናዬ ጋር ስታገል እውላለሁ። ግን ሰሞኑን በዚህ ቤት የከረመውን ኩርፊያ ለጠላቴም አይስጠው። ጥፋቱ ደግሞ ያንቺ ነው። ቆይ፣ አትቆጪ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

የልጆቹ ትምህርት ቤት ከብዙ አገር የመጡ ትምህርት ቤቶች የሚጋጠሙበት የእግር ኳስ ውድድር አዘጋጀ፤ ለወንዶችም ለሴቶችም። ነገር ሁሉ ክርክር ስለሚሆንበት ጠበቃው የምንለው ወንድ ልጄ ከወንዶቹ ቡድን ገባ። ስትወለድ አንቺ ሚጢጢ ያልሻት ልጄ ደግሞ፣ ዛሬ በቁመት አባቷን ያስከነዳችው፣ የሴቶቹ በረኛ ናት። ወንዶቹ በመጀመሪያው ቀን አምስት ጎል ጠጥተው ተሰናበቱ። ያ ሁሉ አዲስ ጫማ፣ ያ ሁሉ የፀጉር ቅባት! ጠበቃው እስከ ዛሬ ዳኛው ነው የበደለን እያለ ይሟገታል፤ አባቱም እራቱ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብሎ ይሰማዋል። ሴት ልጁ መረቧን ሳታስደፍር ስትመጣ ግን ጎበዝ ይላትና ወደ ሙግቱ ይመለሳል። በዚህ በዚህ ደሜ ይፈላል።

ትምህርት ቤቱ ለእንግዶቹ ሁሉ ማደሪያ አልበቃው ብሎ፣ ወላጆች እባካችሁ ልጆቹን አሳድሩልን ሲል ለመነ። እኔ ምን አቅለበለበኝ፣ ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። የደረሰችን ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ ከእኛ አንዳችንም ቋንቋዋን የማንሰማ ልጅ ናት። የምንግባባው በእጅ ምልክት ነው። የቡድኗ አጥቂ መሆኗን እንኳ ያወቅነው ማሊያዋን አውጥታ፣ እግሯን እያወዛወዘች ስታሳየን ነው።

ቤታችን ሁለት ክፍል ናት። ጠበቃው ሳሎን ሶፋው ላይ ይተኛል፣ ሚጢጢ ከመጋረጃ ጀርባ የራሷ አልጋ አላት፣ የባለቤቴ ወገብ ደግሞ ወለል የሚችል አይደለም። ታዲያ እንግዳዋ የት ትተኛ? አንቺ ምን እያልሽ ነው ያሳደግሽን? እንግዳ መሬት አይተኛም! ምላሴ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። ሳላስብበት የሚጢጢን አንሶላ ገፍፌ አዲሱን አነጠፍኩ፤ ለእሷ ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ ደራርቤ ጣልኩላት። ልጄ ቀና ብላ አየችኝና ትራሷን አቅፋ ወለሉ ላይ ወረደች።

በማግስቱ ወደ ማታ እንግዳዋ ታኬታዋን ይዛ መጣች። የአንዱ ጎን ከሶሉ ተላቆ አፉን ከፍቷል። እሷም እንባዋ ዓይኗ ላይ ሞልቷል። ወስፌዬንና ሰም የተቀባውን ክር አውጥቼ፣ እራት እንኳ ሳልቀምስ ሰፋሁላት። ለገዛ ልጆቼም እንደዚያ አጥብቄ ጫማ ሰፍቼ አላውቅም። ሚጢጢ ጓንቷን እያጠበች ታየኝ ነበር። በነጋታው እርስ በርስ እንደሚጋጠሙ አላወቅኩም። ብታውቂስ ትተይው ነበር ወይ ካልሽኝ፣ መልሱን አንቺው ታውቂዋለሽ።

ጠዋት ልጄ ስትነሳ አንገቷ ደርቋል። ወደ ቀኝ እንጂ ወደ ግራ አልዞር አላት። በሙቅ ፎጣ ባሸው ባሸው አልለቀቃትም። ከዚያ ሜዳው ዳር ቆሜ በዓይኔ አየሁት እማዬ። ያቺ ልጅ በግራ በኩል እየበረረች መጣችና እኔ በሰፋሁት ጫማ ኳሷን መታቻት። ሚጢጢ አንገቷ እምቢ ስላላት መላ አካሏን ማዞር ነበረባት፤ ዞራ ስትጨርስ ኳሷ መረቡ ውስጥ ገብታለች። እኔ ሞኟ ደግሞ ስፌቱ እንዳይፈታባት ስሰጋ ነበርና፣ ጫማው ሲጸናላት እሰይ ብዬ አጨበጨብኩ! ከእኛ ወላጆች መካከል ያጨበጨብኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሚጢጢ አሁንም መላ አካሏን ዞራ አየችኝ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ቤት ገብታ፣ ጎሉን ያገባሽው አንቺ ነሽ አለችኝና አፏን ዘጋች። ብጠራት አትሰማ፣ ባቀርብላት አትበላ፣ ወጥ ቤት ስገባ እሷ ትወጣለች። እንግዳዋ በመሃል ቤት ሁላችንንም እያየች ፈገግ ትላለች፤ ምስኪን፣ ምን ታድርግ።

ከድጡ ወደ ማጡ የሚሉት ደግሞ ከዚያ በኋላ መጣ። የሴቶቹ በምድብ ስለሆነ አንዱ ሽንፈት አላስወጣቸውም፤ የእኛዎቹ ሌሎቹን ሁሉ አሸንፈው ፍጻሜ ገቡ። ከማን ጋር? ከእነዚያው ጋር! ሚጢጢ በወንድሟ በኩል ላከችብኝ፤ ወይ አልጋዬ ይመለስልኝ ወይ አልሰለፍም አለች። ጠበቃውም ሥራ አገኘ፣ በሳሎንና በመጋረጃው መካከል እየተመላለሰ ይሟገትላታል። አሰልጣኟ ደውላ ሌላዋ በረኛ እጇ ተሰብሯል፣ ያለሚጢጢ አለቀልን አለችኝ። ባለቤቴ ሚጢጢ ሶፋው ላይ ትተኛ፣ ጠበቃው ወለል ላይ ይውረድ ብሎ ፈረደ። ጠበቃው እኔም እኮ ተጫዋች ነኝ ብሎ ጮኸ። እሷም ሶፋ አላልኩም፣ አልጋዬን ነው ያልኩት አለች። ይህች ልጅ ግትርነቱን ከማን ወረሰችው ስል ባለቤቴ ወደ እኔ ያያል። እኔ ደግሞ ወደ አንቺ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። የፈተናዬ ዋዜማ የአክስቴ እንግዶች መጥተው አልጋዬን የሰጠሽብኝን ታስታውሻለሽ? እኔ አልረሳሁትም። በጣም ነበር የተቀየምኩሽ። ሁልጊዜ እንግዳ ይቅደም፣ ልጅማ የትም አይሄድም የሚል ነበር ነገሩ። ሚጢጢም ያየችኝ በዚያው ዓይን ነው። ስለዚህ የፍጻሜው ዋዜማ ቆርጬ እንግዳዋን ላስነሳት ሄድኩ። ልጅቱ ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝ። እኔም ትራሷን አስተካክዬላት ተመለስኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው ያደረግሽኝ?

ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ አልጋው ባዶ ነው። ሁለቱም ወለሉ ላይ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ አራት እግር ውጭ ቀርቶ ተኝተዋል። እንግዳዋ ነገሩ ገብቷት አልጋውን ለቃ ወርዳለች፤ የእኔዋ ግትር ደግሞ አልጋው ላይ ውጪ ብትባል አልወጣም ብላለች። ቤት የታመሰበት አልጋ እኮ ባዶውን አደረ! ይባስ ብሎ ሁለቱም አንገታቸው ደርቆ ተነሱ። በአንድ ፎጣ አንዴ እሷን አንዴ ያቺን ሳሽ ባለቤቴ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፣ ልጄ አሁንም አላናገረችኝም ነበርና።

ፍጻሜው ላይ እነዚያ ሪጎሬ አገኙ፤ መቺዋ እንግዳችን። እኔ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ቀበርኳቸው፣ በራሴም አላምንም። ሚጢጢ በግራ በኩል ተወርውራ ያዘችው! በዚያው በማይዞረው በኩል! ባለቤቴ እንደ ሕፃን ዘለለ፣ ጠበቃውም ዳኛውን መርገሙን ተወ። ግን ምን ያደርጋል፣ ሊያልቅ ሲል ሌላዋ አገባችባቸውና ዋንጫው ሄደ።

ልጄ ጭቃ በጭቃ ሆና ቤት ገባች። አሁንስ ይህንንም በእኔ ልታሳብብ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ከቦርሳዋ ታኬታ አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። የራሷን መሰለኝ። የእንግዳዋ ነው፤ በሌላኛው ጎኑ ተቀዷል። እማዬ፣ ነገ ስለምትሄድ ስፊላት፣ እንደዚያኛው አጥብቀሽ አለችኝ። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብላ ክሩን በሰም ትቀባልኝ ጀመር። ወስፌውን የማስገባበት ጠፋኝ፣ ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ።

አባዬን እጁን ሳሚልኝ፣ ሳሉ ካልተወው ሐኪም ዘንድ ይሂድ በይልኝ። ለትልቋ እህቴና ለልጆቿ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ጎረቤታችን ነርሷ እንዴት ናት? ልጄ ጠብታዬን አትቀበዪኝ ብላሻለች በያት። ታናሽ ወንድሜም ጉሮሮህ ይባረክ፤ አሁን ውሃ ጠጣ። ጠበቃውና ባለቤቴ ሰላም ብለውሻል፣ የዳኛውን ጉዳይ ስትገናኙ ያስረዱሻል።

ሚጢጢ በዕረፍቱ ወደ አንቺ ትመጣለች። ወለል ለምጃለሁ፣ አልጋዋን እንዳትለቅልኝ በያት ብላኛለች። እኔም እለምንሻለሁ፣ ጉልበትሽን አስቢ፣ እሷ እንግዳ አይደለችም። ይህን ስትሰሚ ግን ተነስተሽ አዲሱን አንሶላ ፍለጋ እንደምትገቢ አውቃለሁ።

ልጅሽ፣ ልብስ ሰፊዋ
ከአራተኛው ፎቅ፣ ከመጋረጃው አጠገብ
ሰኔ ፲፮ ቀን፣ እንግዳዋን በሸኘን ማግስት