ቀዩ ቁጥር

ግንቦት 27፣ ጠዋት
ክትባት። እናቶቹ ገና ሳይረፍድ መጥተው የጤና ጣቢያው አጥር ሥር ተቀምጠዋል። ስልኩን ያላጠፋ የለም። በቀይ ቀለም የሚመጣ ቁጥር አለ አሉ፤ ያነሳው ሰው በአፍንጫው ደም እየፈሰሰው ይሞታል። ማን ሞተ? ደጀን አንድ ሾፌር። ስሙን የሚያውቅ የለም። ደጀን ላለችው ጓደኛዬ ደወልኩ፤ እዚያ ደግሞ የሞተው እኛ ጋ፣ ደብረ ወርቅ ነው ይባላል። ሳቅሁ።

ግንቦት 29
የአክስቴ ልጅ የሺ ለእርግዝና ክትትል መጣች። ወሯ ገብቷል። እግሯ አብጧል፣ የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፣ ራሷን ያማታል። አልወደድኩትም። ማርቆስ ሆስፒታል ሂጂ፣ ካልሆነ እኔ ቤት ሰንብቺ አልኳት። እርሻ ነው፣ ባሌን አለሙን ማን ያበላዋል አለች። እንግዲያው ባልሽ ስልኩን አያጥፋ፤ ሲያምሽ ይደውልልኝ፣ አምቡላንስ እልካለሁ አልኳት።
አማቷ እማማ ጥሩነሽ አብረዋት ነበሩ። ስልክ ፅንስ ያደርቃል ሲባል ሰምተዋል።
"እማማ፣ እኔን ራሴን በስልክ እየጠሩኝ አይደል የማዋልደው?" አልኳቸው።
"አንቺ የተማርሽ ነሽ። አንቺን አይነካሽም።"

ሰኔ 1፣ ገበያ
የሚፈሩትን ቁጥር ከእነሱው ተቀብዬ ሰው ፊት ቆሜ ደወልኩ። የለም ይላል። ቆሜ ጠበቅሁ፤ ምንም አልሆንኩም። አንድ ሽማግሌ መከላከያውን ቀድማ ተወግታ ነው አሉ። ተሳቀ። መሪጌታ ብቻ፣ ሞት ቁጥሩን አሳይቶ አይመጣም አሉ። እሳቸውንም የሰማ የለም።
አለሙ ጋ ደወልኩ። ዝግ።

ሰኔ 3፣ ንጋት
አለሙ ደወለ። የሺ ትንቀጠቀጣለች፣ ዓይኗ ተገልብጧል። በጎኗ አስተኟት፣ አምቡላንስ እየመጣ ነው ስለው ተቋረጠ። ሾፌሩ ጋሽ ዘሪሁን ወዲያው ወጡ። የአለሙን ቁጥር ሰጠኋቸው። መኪናው ቤታቸው ድረስ አይገባም፤ መንገዱ ጫፍ ላይ ሆነው ይደውሉለታል። ዝናብ። ማንቀጥቀጡን የሚያቆመውን መርፌ አዘጋጅቻለሁ። መቀመጥ አቃተኝ።

ሰኔ 3፣ ከሰዓት
አምቡላንሱ ቀርቷል ብለው በቃሬዛ አመጧት፣ በወንዙ በኩል፣ በእግር። እሷም ሕፃኑም የሉም። ብብቷ ገና ይሞቃል።
ጋሽ ዘሪሁን መንገዱ ጫፍ ቆመው ደጋግመው ደውለዋል። አለሙ የማያውቀው ቁጥር ነው። ሊያነሳው ሲል እናቱ ቀዩ ቁጥር ነው ብለው ስልኩን ከእጁ ነጥቀው ጭቃ ውስጥ ወረወሩት። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። የማን ጥሪ እንደነበር ግን አያውቅም። ሊጠይቀኝም አልደፈረም።

ሰኔ 4፣ ምሽት
ቀበርናት። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ ስልኩ ጮኸ፣ ወዲያው ነፍሷ ወጣች። እማማ ጥሩነሽ ደረታቸውን ይደቃሉ። እሷን ባላተርፋት ልጄን አተረፍኩት ይላሉ። ከልባቸው ነው።
ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ልንገርሽ። ብናገር አለሙ ያንን ጥሪ ዕድሜውን ሁሉ ሲሰማው ይኖራል። እናቱንም እንደ በፊቱ አያያቸውም። ዝም ብል፣ ክረምቱ ገብቷል፤ ከወንዙ ማዶ ወራቸው የገባ ሌሎችም አሉ። ስልኩ ሁሉ ዝግ ነው።
ጋሽ ዘሪሁንን አማከርኳቸው። "ደዋዩ እኔ ነኝ፣ እኔው እነግረዋለሁ" አሉኝ።
ነገ ሰልስት ነው። ማልደን እንሄዳለን። ሰው ሳይሰበሰብ አለሙን ለብቻው ጓሮ እናወጣዋለን። ከእሱ ቀጥሎ ለእናቱ እኔው እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ ለሁሉም እናገራለሁ። ቢያባርሩኝም።