እኔም እንደ መምህር

ይድረስ ለእህቴ ለፋናዬ፣ ጅዳ።

ሳፊያ ተሻላት። ከሰላምታው አስቀድሜ ይህን የምጽፍልሽ፣ ስለ እግሯ ደጋግመሽ ስለጠየቅሽኝ ነው። እብጠቱ ጎድሏል፤ ወባው ግን ያዝ ለቀቅ ያደርጋታል። በከዘራ ተደግፋ ከጎረቤት እስከ አጥራችን መምጣት ጀምራለች። አፏ እንደሆነ ድሮም አልታመመም። ልጇ ከማሉ፣ ያ ሻንጣውን ይዞ ካርቱም ሲሄድ አብረን የሸኘነው፣ ትምህርቱን ጨርሶ መጥቶ ኡስታዝ ሆኗል። ሳፊያ ልጄ ማለቱን ትታ «ኡስታዙ ምሳ በላ፣ ኡስታዙ ተኛ» ነው የምትለው።

እንግዲህ ሰላምታዬ ባሕሩን ይሻገርና ይድረስሽ። እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ተወሽ ወይ? እንቅልፍስ ታገኛለሽ? እመቤትሽ ዘንድሮስ ዓርብ ዓርብ ታሳርፍሻለች? እኛ ከናፍቆትሽ ሌላ የሚያስተኛ በሽታ የለብንም። ዝናቡ እዚህም ስለከዳ ዱራው፣ ማሽላው፣ የማይቀመስ ሆኗል፤ ውሃ በአህያ ጋሪ የሚያዞረው ባለካሮ እንደ ሹም ይለመናል። ቢሆንም ከወሰኑ ማዶ በየቀኑ የሚፈሰውን ሕዝብ ስናይ «ቸገረን» ለማለት አፋችን ይያዛል።

መልስ ሳልሰጥሽ የቆየሁት ንቄሽ እንዳይመስልሽ። «የእመቤቴ እህት ለቤቷ ሴት ትፈልጋለች፣ ከረመዳን በፊት እናኑን ላኪልኝ፣ ካልሆነ ቦታው ለሌላ ይሰጣል» ያልሽውን ካነበብኩ ጀምሮ ልቤ ቁጭ ብሎ አያውቅም። እንደሚቆላ ሽምብራ እዘላለሁ። ለሽያጭ የምቀቅለው ፉል ያርርብኛል፤ ደንበኞቼ «አሰጋሽ ዘንድሮ ምን ነካት?» ይላሉ። የነካኝን ልንገርሽ።

ነገሩ የድልድይ ትምህርት የሚሉት ነው። በጦርነትና በስደት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸውን ትልልቅ ሰዎች፣ ካቆሙበት አንስቶ እስከ ዩኒቨርሲቲው ደጅ የሚያደርስ ነው። እኔ ድልድይ ሲሉኝ የሚታየኝ ጓንግ ነው፤ ያ ድልድይ የሌለው፣ ገመድ ይዘን የተሻገርነው። ለስደተኞች የትምህርት ዕድል የሚሰጥ አንድ ማኅበር አለ። ከፋሲካ በኋላ ከካርቱም ፈታኞች ይልካል። ፈተናው የወረቀት ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹን ክብ አስቀምጠው ያከራክሯቸዋል። ደርሰዋል የሚላቸውን ሰዎች ስም አስቀድሞ የሚልከው አስተማሪያቸው ከማሉ ነው። እሱ ስሙን ያልላከው ሰው ፈታኝ ፊት አይቀርብም።

ክፍሉ የኛው ግቢ ነው። ሐሙስ ከሰዓትና ዓርብ ጠዋት ሰሌዳውን ከራኩባው፣ ከዳሱ፣ ምሰሶ ላይ ያስደግፉና ይቀመጣሉ፤ እኔም ባቄላዬን እየለቀምኩ አብሬ እማራለሁ። ቀኑን ሙሉ በእህል ገበያ ጆንያ ሲሸከም የሚውለው ታምሬ አለ። ልብስ ሰፊ አለ፣ ሎሪ ላይ ረዳት የሆነ አለ፤ ሁሉም ትናንት ተማሪ የነበሩ ናቸው። እንግሊዝኛ ይጽፋሉ፣ ሒሳብ ይሠራሉ፣ አስተማሪ በፍጥነት ሲናገር ፍሬውን ለቅሞ መጻፍ ይለማመዳሉ። ከዚያ አንድ ጽሑፍ አንብበው «ያንተስ ሐሳብ ምንድን ነው?» ይባላሉ። ይህቺ ናት መከራቸው። ጸሐፊው ያለውን ጠይቂያቸው፣ እንደ ዳዊት ይደግሙልሻል። የራሳችሁ ሲባሉ ግን ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል።

የኛዋ ታናሽ እናኑ እንግዲህ ሠላሳን ተሻግራ ከነዚህ አንዷ ናት። ሥራዋ ኡም ራኩባ፣ በስደተኞቹ ሰፈር፣ የተራቡ ሕፃናት ወተት የሚጠጡበት ድንኳን ውስጥ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ በሎሪ አቧራ ለብሳ ትመጣለች። አንድ ቀን ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ «እታለም፣ ርቦት የከረመ ልጅ ሳይሞት ቆይቶ ምግብ ባገኘ ማግስት ይሞታል። ለምን?» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ! ኸዋጃው፣ ፈረንጁ ሐኪም ሊያስረዳት ሞክሮ ነበር፤ ግን እንግሊዝኛውም ነገሩም ከበዳት። ያንቺን ደብዳቤ ሳነብላት እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «የሰው ቤት መጥረግ አልንቅም፤ ፋናዬ በሱ ነው ያኖረችን። ግን ይህን ሳላውቅ ብሄድ፣ ጅዳም ሆኜ እነዚያን ልጆች ነው የማየው» አለች። ሂጂም ቅሪም ለማለት አቃተኝ።

እንቅፋቱ ደግሞ የመጣው ከገዛ ቤቴ ነው፤ ከባሌ ከደመቀ። ጭልጋ እያለን የመንደሩን ልጅ ሁሉ ፊደል ያስቆጠረው እሱ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከዚህ ክፍል ገሚሱ የሱ ተማሪ ነበር፤ እናኑም ብትሆን የሱን አርጩሜ ቀምሳለች። ከተሰደድን ወዲህ ጆንያ ሲሰፋ ከርሞ፣ ይህ ትምህርት ሲጀመር እሱም ገባ። ጢሙን መላጨት ጀመረ። ሐሙስ ማታ ሸሚዙን ከፍራሽ ሥር አንጥፎ፣ ተኝቶበት ያድርና ጠዋት እንደተተኮሰ ሸሚዝ ይለብሰዋል። «ሽበቴን ይዤ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ፤ አንቺም የተማሪ ሚስት ትባያለሽ» እያለ ያስቀኛል። ከስንት ዓመት በኋላ እንዲህ ሲጫወት ሰምቼው ነው!

ታዲያ እሱ ብቅ ሲል ሁሉም ይነሳሉ። ጥላው የማይለቀው ቦታ የሱ ነው። ጥያቄ ሲጠየቅ እሱ ሳይመልስ አፉን የሚከፍት የለም። ይህ ለኛ ምኑ ይገርማል? ፊደል ያስቆጠረ አባት ነው። እኔም ደስ እያለኝ ነበር የማየው።

ጾሙ ከመያዙ በፊት በነበረው ዓርብ ከማሉ ስለ ሐፊሩ፣ ስለ ዝናብ ውሃ ኩሬው፣ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። «የሐፊሩ ውሃ በክረምት አንድ አምስተኛ ጨመረ። በበጋ ደግሞ ካለው ላይ አንድ አምስተኛ ቀነሰ። አሁን ከመጀመሪያው ጋር እኩል ነው ወይስ አይደለም?» ሁሉም በየወረቀታቸው ሲሠሩ ቆዩ። ደመቀ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እኩል ነው፤ የጨመረው ያው ቀነሰ» አለ። እኔም በልቤ እኩል ነው ብያለሁ። ከማሉ ፊቱን ወደ ታምሬ አዞረ። «እኔም እንደ መምህር» አለ ታምሬ። ቀጥሎ ያለውም «እኔም እንደ መምህር»። እንዲህ እያለ ዞረ፤ እናኑ ጋ ሲደርስ «እኔም እንደ ጋሼ» አለች። ከማሉ ወረቀቷን አነሳና አየው። «ያንሳል» ብላ ጽፋለች! «ወረቀትሽ ያውቃል፣ አንቺ አታውቂም ማለት ነው?» አላት። አቀረቀረች። ከየት ቀዳችው ብሎ ጠርጥሮ ይሁን አላውቅም፣ ደሙ ፈላ። «ዋላሂ፣ እኔ የማስተምረው ሰው ነው በግ? ለካርቱም የምልከው አንድም ስም የለኝም!» ብሎ ጠመኔውን ወርውሮ ወጣ፤ ያቀረብኩለትን ፉል እንኳ ሳይነካ። ደመቀ በደህና ልቡ «ልጁን ወባ ይዞት ይሆን? ሳፊያን ጠይቂያት እስቲ» አለኝ።

ሄድኩ። ሳፊያ አንግሬቧ፣ የገመድ አልጋዋ ላይ ጋደም እንዳለች «ኡስታዙ እየነደደ ነው የመጣው፤ ሰዎቹ ጭንቅላታቸውን ለደመቀ አከራይተዋል አለኝ» አለችኝ። የሆነውን ስነግራት አንግሬቡ እስኪንቋቋ ሳቀች። «ሱዳን ያደገ ልጅ ነው፣ ከየት ይወቀው? በኛ አገር ቁርአን ያስቀራሽን ሼኽ ተሳስተዋል የሚል አፍ የማን ነው?» አለች። ጠርታ ነገረችው። እሱም ሰምቶ «ኻልቲ፣ እኔ ገባኝ፤ ማሌሽ፣ ይቅርታ። ከካርቱም የሚመጡት ግን አይገባቸውም። ክብ አስቀምጠው ሲያከራክሯቸው ሁሉም እንደ መምህር ካሉ ሁሉም ይወድቃሉ። ዓም ደመቀን አንቺ ንገሪው» አለኝ።

በይ ንገሪው! እንዴት አድርጌ? ጢሙን መላጨት የጀመረን ሰው «ልጆቹን አንተ ነህ ያፈንካቸው» ትይዋለሽ? ባልነግረው ደግሞ የእናኑ ነገር አበቃ። ሳፊያ ቤት ሄጄ እመለሳለሁ፣ ውሃ ልቅዳ ብዬ እንስራውን እረሳለሁ። በቀጣዩ ዓርብ ከማሉ ሳይመጣ ቀረ፤ ተማሪዎቹ ባዶ ሰሌዳ ሲያዩ ቆይተው ተበተኑ። የጅዳን ነገር እሺ ብዬ ልጽፍልሽ ብዕር ያነሳሁት ያን ቀን ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ከትናንት ወዲያ ሐሙስ ደመቀ ሸሚዙን ከፍራሹ ሥር ሲያስተካክል አየሁትና «ተወው ሸሚዙን!» ብዬ ጮህኩ። ደነገጠ። ከዚያ በኋላ አፌ አልተመለሰም፤ ሁሉን አፈረጥኩት። አልተቆጣም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «እናኑም?» አለ። «እናኑም» አልኩት። ሸሚዙን ወንበር ላይ አኑሮ ወጣ። ለካ የሄደው ከማሉን «ነገ ና» ብሎ ሊለምን ነው።

ትናንት ዓርብ ሁሉም መጡ። ደመቀ በተጨማደደ ሸሚዝ ሰሌዳው ፊት ቆመ። እነሱም እንደ ልማዳቸው ተነሱ። «ተቀመጡ» ቢላቸው እሱ ሳይቀመጥ ማን ይቀመጣል! ከማሉ ሳቁን ዋጠ። «ልጆቼ» አለ ደመቀ፣ «በዚህ ክፍል ውስጥ አባት አይደለሁም። እኔን ማረም ድፍረት አይባልም፤ ፈትቻችኋለሁ፣ እግዚአብሔርም ይፍታችሁ። አሁን ግን ያ የሐፊሩ ውሃ ዛሬም እኩል ነው ባይ ነኝ። አሳምኑኝ።» የምሩን ነው እኮ፤ ሌሊቱን ሲያሰላው አድሮ እኩል ሆኖበታል።

እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ባቄላውን ጨብጬ ቀረሁ። በኋላ እናኑ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣችና «ጋሼ… ይቅር ይበሉኝና… ያንሳል» አለች። «ለምን?» አላት፣ ያ የጭልጋው ድምፁ ተመልሶ። ማድቤት ገብታ ጣሳና ባልዲ አመጣች። ባልዲው ውስጥ በጣሳ አሥር ጨመረች፤ አምስተኛው ሁለት ነው ብላ ሁለት ደገመች። «አሁን አሥራ ሁለት ሆነ። የምንቀንሰው ከዚህ ከትልቁ ነው ጋሼ፤ የሱ አምስተኛ ከሁለት ይበልጣል» ብላ ቀዳች፤ በዚህ ዘመን ውድ የሆነውን ውሃዬን ግማሹን መሬት አጠጣችው፣ አልተናገርኳትም። ታምሬ ከመሃል ብቅ ብሎ «እኔም ወረቀቴ ላይ ያንሳል ነበር ያልኩት!» አለ። ያኛውም እኔም፣ ይቺኛዋም እኔም።

ደመቀ ያን ጊዜ ነው የተቆጣው። «ሁላችሁም እያወቃችሁ? ገደል ስገባ እያያችሁ ዝም ልትሉኝ ነው ያስተማርኳችሁ?» ብሎ በጠመኔው ሰሌዳውን መታ። ካሉት ሁሉ እንባዬን ያመጣው ይህ ነው። ከዚያ በኋላማ ምን ልበልሽ፤ አፋቸው ተከፈተ። እስከ ቀትር እርስ በርስ ተሟገቱ፣ ከማሉንም ገጠሙት። እናኑ የታምሬን ነጥብ ስትጥልበት ከማሉ «ሐላስ፣ ይሄ ነው!» እያለ እጁን አጨበጨበ። ስማቸውን ሊልክ ነው፤ የእናኑ ከፊት ነው።

የደመቀ ስም ግን የለበትም። ከማሉ ሊጨምረው ፈልጎ ነበር፤ እሱ ራሱ «የኔ ሒሳብ ገና ድልድዩ ላይ አልወጣም፤ የከርሞ ሰው በለኝ» አለው። ቤት ገብቶ ምሳውን በቅጡ አልበላም። ሸሚዙን አጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተው። ነገሩን ያፈረጥኩበት እኔው ነኝ፤ እንዴት አድርጌ ላጽናናው!

ፋናዬ፣ እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። እናኑ አትመጣም። ቦታውን ለምታውቂያት ምስኪን ስጭው። እንደምታልፍ እርግጠኛ ሆኜ አይደለም፤ የሚወሰዱት ጥቂት ናቸው፣ ብትወድቅ ይህኛውም ያኛውም በር ሊዘጋባት ነው። ግን ያን ባልዲ ይዛ ስትቆም ብታያት፣ አንቺም ላኪያት አትይም ነበር። ተቀየምኩ ካልሽ እኔን ተቀየሚ፤ ለሷ ግን ጸልዪላት።

እናኑ ጉልበትሽን ስማለች፤ ዛሬ ጠዋት በሎሪ ወደ ኡም ራኩባ ተመልሳለች። ደመቀ «ወገቧን ትጠንቀቅ፣ ከባድ አታንሳ በያት» ብሏል። ሳፊያ በአላህ ስም ሰላም ብላሻለች፤ ከማሉም እንዲሁ። አብራሽ ለምትሠራው ለአገራችን ልጅ ለሉሉም ሰላምታዬን ንገሪልኝ።

ልጨርስ ስል ሳፊያ በከዘራዋ መጣች። «ኡስታዙ ሌሊቱን ሲስቅ አደረ፤ ስለ ባልዲሽ ነው» ብላኝ፣ የፈሰሰውን ውሃ በግማሽ ጀሪካን ተክታልኝ ሄደች። እሷ እንደወጣች ታምሬ ባዶ ጆንያ ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ገበያ ሲያልፍ፣ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ «መምህር! ትናንት ሠርተው ያሳዩን ሦስተኛው ጥያቄ ስህተት ነው!» ብሎ ጮኸ። ጮኾ ሲያበቃ የተናገረው ነገር ራሱን አስደነገጠው መሰለኝ፣ ጆንያውን ጥሎ ሮጦ ገባና የደመቀን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። ደመቀ ትከሻውን ይዞ ቀና አደረገው። «ጉልበቴን ተወው» አለው፤ «ተቀመጥና የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አሳየኝ። አንቺ አሰጋሽ፣ እስቲ ያን ሸሚዝ አውጪልኝ።»

እህትሽ አሰጋሽ
ገዳሪፍ፣ የካቲት 23 ቀን 1977 ዓ.ም.