ቪዲዮው ሲጨመቅ የጠፉት ጣቶች

በዕድሜ ለማንስሽ ሳይሆን ለምታንሺኝ፣ በምክር ግን ለምትበልጪኝ እህቴ፤

እንዴት ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለው ወይስ ዛሬም ጎንበስ ባልሽ ቁጥር ያስጮህሻል? ባለቤትሽ ደህና ነው? እናታችንስ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቤቱን መገልበጥ ተወች? ልጄስ እንዴት ናት? ልጄ የምልሽ ልጅሽን ነው፤ ብትቀኚም ልጄ ናት።

እኔ ደህና ነኝ፤ ሳቄም እንዳለ ነው። ሰሞኑን ግን የማማክርሽ አንድ ጭንቅ አለብኝ። ልደውልልሽ ብል ገና ሰላምታውን ሳልጨርስ መስመሩ ይቆረጣል፣ የእኔን ምላስ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

የምሠራበት ቪዲዮ ቤት መስማት ለተሳናቸው ልጆች የምልክት ቋንቋ ትምህርት እየቀረጸ ነው። ሥራው ሲመጣ እልል ማለት ነበር የቀረኝ! እናንተ ጋ ምልክቱን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ልጄ ዕድሜዋ ለትምህርት ደርሶም እስካሁን በጥቅሻና ቀሚስ በመጎተት ነው የምታወራችሁ። ይኸው ሰኞ ትምህርቱ ድረ ገጽ ላይ ሊወጣላት ነው።

የተቀረጸው ግን ከባድ ነው። በእናንተ ኔትወርክ አንዱ ትምህርት እስኪከፈት ጎረምሳ ያረጃል። ስለዚህ በፕሮግራም ይጨመቃል። አንድ ቀን መስመሩ ሳይቆረጥ ይህን ለእናታችን ብነግራት «ፎጣ ነው እንዴ የምትጨምቂው?» አለችኝ። ሳቅኩባት፤ ግን እውነቷን ነው፣ ሲጨመቅ የሚንጠባጠብ ነገር አለ። ጭንቁ የትኛው ፕሮግራም ምኑን እንደሚያንጠባጥብ ማወቁ ላይ ነው።

አለቃችንን «ጥድፊያ» ነው የምንለው። እሱ የወደደው አንድ ቁልፍ ተጭነሽ የሚያልቀውን ፕሮግራም ነው። ፋይሉ እውነትም ላባ ሆነ። ደስ ብሎኝ ሮጬ ቪዲዮው ላይ በምልክት ለምታስተምረው አስተማሪ አሳየኋት፤ እሷም ስለማትሰማ የምታወራኝ እየጻፈች ነው። ትንሽ አየችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ጠዋት ፊቴን እታጠባለሁ» ያለችው «ጠዋት ፊቴን እበላለሁ» ሆኖ አረፈው! «ተማሪዎቼን የገዛ ፊታቸውን ልታበዪያቸው ነው?» ብላ ጻፈችልኝ። አብሬያት ሳቅኩ፤ ወዲያው ግን ፋይሉን ምስል በምስል አየሁት። ለካ ፕሮግራሙ ፋይሉን ለማቅለል ብሎ በየሰከንዱ ካሉት ምስሎች ግማሹን ይጥላል። በአፉ ለሚያወራ ሰው ብዙም አይታወቅም፤ በእጁ ለሚያወራ ግን ቃሉን መዋጥ ነው።

ሌላኛው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ስትከፍቺው ግን የቁልፉ ብዛት አውሮፕላን የምታበሪ ነው የሚመስልሽ። አስተማሪዋ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እኔ አንዱን በነካሁ ቁጥር እሷ ጣቷን እያወዛወዘች «አይሆንም» ስትለኝ፣ ምስል ሳይጣል ስፋቱ ብቻ እንዲቀንስ አደረግነው። አሁንም ከበደ። በኋላ ነው ከጀርባዋ ያለውን ባለ አበባ መጋረጃ ልብ ያልነው። ፕሮግራሙ ለጣቷ የሚሆነውን አቅም ለካ ለአበባው ነው የሚያወጣው! መጋረጃውን አውርደን ባዶ ግድግዳ ፊት አንዱን ትምህርት እንደ አዲስ ቀረጽነው። ቀለለ፤ ጣቶቹም አሉ።

ጥድፊያ ግን አልዋጥ አለው። «ሁሉንም እንደገና ልትቀርጪ? እዚህ ፈጣን ኔትወርክ ላይ ሆነሽ ነው ያማረሽ፤ እዚያ ሩቅ ያለው ሰው ስልክ ላይ ካልተከፈተ ምን ዋጋ አለው?» አለኝ። በሆዴ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አልኩት፤ ያለው ነገር ግን ልክ ነው፣ እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነው። ካልተከፈተ ልጄ አትማርም። ተከፍቶ ጣቱ ከጠፋ ደግሞ የመጀመሪያ ቋንቋዋን ተሳስታ ትጀምራለች። እስከ ነገ ማታ ካላሳመንኩት ሰኞ የሚወጣው የእሱ ነው።

እህቴ፣ እጅሽ ላይ ወድቄያለሁ። ይህን ደብዳቤና አዲሱን ቪዲዮ በስልክሽ ልኬልሻለሁ። እንደ ሁልጊዜው ቤትሽ ሆነሽ ክፈቺው፤ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ እንዳትወጪ! ከዚያ ልጄ ትየውና ያየችውን በራሷ እጅ ትድገመው። አትርጃት፣ ጣቷንም አታስተካክዪላት። በስልክሽ ቅረጺና መልሰሽ ላኪልኝ። አስተማሪዋ የእጇን ምልክት ታነበዋለች፤ በትክክል ከተነበበ ጥድፊያን የማሳምንበት ማስረጃ ነው። ቪዲዮው ምን እንደሚል አሁን አልነግርሽም። እስከዛሬ ልጃችን ያለችውን ሁሉ እየገመትን ነው የኖርነው፤ አንዲት ነገር እንኳ ሳንገምት ትድረሰን። ካልተከፈተም እውነቱን ጻፊልኝ፣ እንዳይከፋኝ ብለሽ አትደብቂኝ።

ባለቤትሽን እህትህ ናፍቃሃለች በይልኝ። እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ፎጣው ገና ተሰጥቶ አልደረቀም በያት። ጎረቤትሽን፣ ያችን ከእኔ የባሰች ወሬኛ፣ አንድ ሁለት ቃል ብቻ ሰላም በያት፤ ሦስተኛውን ራሷ ትጨምራለች። ለልጄ ግን በአንቺ በኩል ሰላምታ አልክም። ቪዲዮው መጨረሻ ላይ ካሜራው ፊት ቆሜ ራሴ በምልክት ብያታለሁ። ጣቴ ሲሳሳት ካየሽ ፕሮግራሙን እንዳትወቅሺ፤ ስህተቱ የራሴ ነው።

የምትወድሽ እህትሽ
ከቪዲዮ ቤቱ የኋላ ክፍል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ