የገጹ ራስጌ

ይድረስ ለምወድዎ አባየ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጤናዎስ እንዴት ነው? ደግሞ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ብቻ እንዳያልፉኝ፤ እሱን በስልክም ብለውኛል። እኔ ደኅና ነኝ። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ ፔዳ ያለችው የጽሕፈት ቤቴም ደኅና ናት፤ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ በሯ ላይ ይጋፋል። ሁሉም ቸኳይ ነው፤ እንደ እርስዎ የሚያጣድፈኝ ግን የለም።

ይህን ጽፌ ሐይቁን በሚሻገረው ጀልባ ነጂ በመልካሙ እጅ የላክሁት በስልክ መናገር ስላቃተኝ ነው። ገና ስጀምር ድምፄ ይሰበራል፤ እርስዎም «አይሰማም» ብለው ይዘጉብኛል።

የደብሩን መምህራን ታሪክ የጻፉበትን መጽሐፍ ተይቤ ጨርሻለሁ። ያስቸገረኝ በየምዕራፉ፣ ከገጹ አናት ላይ፣ የባለታሪኩ ስም ይውጣ ያሉኝ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ቦታ ራስጌ ይለዋል። ስነግርዎ፣ ወረቀትም እንደ በሽተኛ ራስጌና ግርጌ አለው ወይ ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አንዱ ራስጌ ላይ የጻፍሁት በመጽሐፉ ሁሉ ይወጣል። ምዕራፉን በክፍል በክፍል መለየት ብቻውን አይበቃም፤ ካለፈው ጋር የምታገናኝ አንዲት ምልክት አለች፣ እሷን በየምዕራፉ ማጥፋት ያስፈልጋል። ካልጠፋች የፊተኛው የኋለኛውን ይጎትተዋል። መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ «ነፍሰ ኄር መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት» ብየ ጻፍሁ፤ መምህርዎ ካረፉ ቆይተዋልና። የእርስዎ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ምልክቷን አጠፋሁና የእሳቸውን ስም ሰርዠ የእርስዎን ተካሁ። ፊት ያለውን ቃል ግን ረሳሁት። አትሜ ሳነሣው እርስዎን በቁምዎ ነፍሰ ኄር ብየዎታለሁ።

ያን ዕለት የደወልሁልዎ እንዲስቁ ብየ ነበር። እንደ ልማድዎ «አንቺ ቀባሪ!» ብለው የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነበር። እርስዎ ግን፣ ተይው ልጄ፣ ሁለተኛ ከምትደክሚ እንዲያው ይሁን አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍም የለኝ። ለጥምቀት ይድረስ ያሉትን መጽሐፍ አሁን ለፍልሰታ ካልደረሰ የሚሉኝ ለምንድን ነው? ጉባኤዎን ለደቀ መዝሙርዎ ለቃለ ሕይወት አስረከቡ ሲባል ሰምቼ ብጠይቅዎ፣ ወጣቱ ይልመድ አሉኝ። ባለፈው ሲመጡ ከጀልባው እስከ አስፋልቱ ድረስ ቁጭ ብድግ እያሉ ነው የደረሱ። ጫማው ጠቦኝ ነው አሉ፤ እኔ ሞኟም ሌላ ጫማ ገዛሁልዎ። እሱም ጠበበዎ፤ ለካስ ያበጠው እግርዎ ነው። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብልዎ ጠበሉ ይበቃኛል አሉ። ጠበሉን አልነቅፍም አባየ። ግን ተቀይሜዎታለሁ። ልጅዎ ነኝ እኮ፣ እንግዳ አይደለሁም።

ራስጌውን አስተካክያለሁ። አሁን መሪጌታ ብቻ ይላል፣ ከዚያ ስምዎ። ካለፈው ጋር የምታገናኘዋንም ደግሜ አይቻታለሁ፤ ጠፍታለች። መጽሐፉን ግን መጥተው በዓይንዎ ካላዩት አላሳትመውም። ቢቆጡ ይቆጡ። ሐሙስ በመልካሙ ጀልባ ይምጡልኝ። ሰፋ ያለ ነጠላ ጫማ በእሱ ልኬልዎታለሁ፣ እግርዎን አያስጨንቁት።

የእኔን አልጋ ለእርስዎ አንጥፌዋለሁ፤ መስኮቱ ወደ ሐይቁ ነው። ለማንበብ ቢደክምዎ ጋደም ይበሉ፤ እኔ ከራስጌዎ ተቀምጨ አነብልዎታለሁ።

ሐይቁን ጸጥ አድርጎ በሰላም ያምጣዎ። ቡራኬዎ አይለየኝ።

መንገድ መንገድ የምታይ ልጅዎ