«ይችልበታል» ያልኩ ዕለት

ለልጅ ልጄ ለምሥጋናው፤

እንደምን ከርመሃል? ከገና ወዲህ እንዴት ነህ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ናዝሬት ሰው እንደ ቅቤ ይቀልጣል ሲሉ ሰምቼ ከአንተ ምን ተረፈ እያልኩ አስባለሁ። መቼም ድሮም ከአፍንጫህ በቀር ብዙ የሚቀልጥ ነገር አልነበረህም። ጉልበትህ፣ ወገብህ፣ እንቅልፍህ ደህና ናቸው? ጾሙንስ ያዝከው ወይስ የከተማ ቄስ ፈታልህ? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። እኔም በሁለት ጥርስ ሰባ ሁለተኛ ዓመቴን እየቆረጠምኩ አለሁ።

ደብዳቤህ የማርያም ዕለት ደረሰኝ። እናትህ አልጣሽ የመጋዘኑ የጫኝና አውራጆች አለቃ መሆንህን ሦስት ጊዜ አስደግማ አስነበበችኝ። በአራተኛው ድምፄ ስለደከመ «ጄኔራል ሆኗል» ብዬ ተገላገልኩ። እሷም ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ እንደዚያው ብላ ተናግራለችና ስትመጣ ሱሪህን ተኩሰህ ና።

ከዚያ በታች ያለውን ግን አላነበብኩላትም። መጋቢት አጋማሽ ላይ ሃያ አዲስ ሠራተኞች እንደሚገቡ፣ ሸክም አነሳስ የሚያሠለጥነው ሰው ግን የሚመጣው ከፋሲካ በኋላ እንደሆነ ጽፈሃል። ሥራው ስለማይጠብቅ «ሠልጥነዋል» የሚለው ወረቀት ላይ ካሁኑ ፈርም ብለውሃል፤ ካልፈረምክ አለቅነቱ ለሌላ ነው። እናም «አባየ፣ እናንተስ ማን አስተምሯችሁ ተሸከማችሁ? ጆንያ ማንሳት ትምህርት ይፈልጋል እንዴ?» ብለህ ጠየቅከኝ። ቀልድህን ከሆነ ቀልድ ያስተማርኩህ እኔ ነኝና አሳፈርከኝ።

ማን እንዳስተማረንማ ታውቀዋለህ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በወይራው ሥር ያለውን መስክ ረሳኸው? አዲስ ጎረምሳ በሽተኛ ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ ከማውረዱ በፊት ደህና ሰው በቃሬዛ ይዞ ሜዳ ላይ እንዲለማመድ የቅሬው፣ የመረዳጃ ማኅበራችን፣ ደንብ ነበር። ድንጋይ ቢጫን አይናገርም፣ እህል ቢጫን አያማርርም፤ የሚጫነው አፍ ያለው ሰው መሆን አለበት፤ አፍ ያለው ሰው ደግሞ በአገሩ ከእኔ ሌላ አልተገኘም። ጋቢዬን ተከናንቤ እጋደማለሁ። ጉልበትህን እጠፍ እንጂ ወገብህን አታጉብጥ፣ ሸክሙን ከሰውነትህ አታርቅ፣ ስትዞር በእግርህ ዙር፣ ወገብ ገመድ አይደለም አትጠምዝዘው እላለሁ። ሲያንገጫግጩኝ የነፍስ አባቴን ጥሩልኝ ብዬ አቃስታለሁ። ጠላ ካልቀመስኩ አልድንም ስል አያትህ ጣሳውን ይዛ ትመጣለች፤ ተጋድሜ እጠጣለሁ። አንተ በተራህ ቀን ሳቅ አሸነፈህና ከነጣሳዬ የሰው ገብስ ውስጥ ጣልከኝ። ያን ቀን ያዘንኩት ለወገቤ ሳይሆን ለጠላው ነበር።

ዛሬ መኪናው ከመንደራችን ሥር ድረስ ስለሚመጣ ቃሬዛው እኛ ቤት ጣሪያ ሥር ተሰቅሎ ዶሮ ያድርበታል። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መስኩን ቆሜ አየዋለሁ። አራት ጎረምሳ ከላዬ ሲያለከልክ፣ ሰማዩ ከፍ ዝቅ ሲል፣ የወይራው ቅጠል ፊቴን ዳበስ ሲያደርገኝ ትዝ ይለኛል። ሰው በቁሙ የቀብሩን መንገድ ቀምሶ፣ ከዚያ ተነስቶ ምሳውን መብላቱ እንዴት ያለ ጸጋ ነበር።

ደንቡ ግን ከሰማይ አልወረደም። ከየት እንደመጣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለአንተ ልንገርህ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ታናሽ ወንድሜ ኢያቄም ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ጎረቤታችን ማሚቱ ምጥ ጠንቶባት ላሊበላ ክሊኒክ ካለው ድሬሰር ዘንድ ልናወርዳት ተነሳን። የቅሬው ዳኛ አዝመራው አንድ ተሸካሚ ጎደለበት። ኢያቄምን አየና ወደ እኔ ዞሮ «ታፈረ፣ ይህ ልጅ ይችልበታል?» አለኝ። ኢያቄም ቃሬዛ ነክቶ አያውቅም። እኔ ግን ወንድሜ በሰው ፊት እንዳያንስብኝ፣ ቸኩለንም ነበርና፣ «ይችልበታል፣ እኔ አስተምሬዋለሁ» አልኩ። እነሆ ፈረምኩ ማለት ነው። ቁልቁለቱ መሐል «ትከሻ ለውጥ» ሲባል ኢያቄም እግሩ ባለበት ሆኖ በወገቡ ተጠማዘዘ። ቋ ሲል ከኋላው ሆኜ ሰማሁት። ማሚቱን አልጣላትም፤ ጥርሱን ነክሶ ከቁልቁለቱ ሥር እስካለው ሜዳ አደረሳት፤ እሷም በሰላም ወለደች። እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቀና ብሎ ሄዶ አያውቅም።

ስለ ጎባጣነቱ የምቀልደውን ታውቃለህ። የጠፋችበትን መርፌ ይፈልጋል እያልኩ አገር አስቅበታለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ያን ቀልድ የደጋገምኩት ሰው እየሳቀ ምክንያቱን እንዳይጠይቅ ነው። አዝመራው ደንቡን አውጥቶ የሚጫን ሰው ሲፈልግም ቀድሜ የተጋደምኩት ለጠላው ብቻ አልነበረም።

እዚህ ድረስ ከጻፍኩ በኋላ ብዕሬን አስቀመጥኩ። እሱ ሳይሰማ ለአንተ መንገሩ ሐሜት ሆነብኝ። ትናንት ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ፤ አጥሩን ሲጠግን አገኘሁትና አነበብኩለት። የያዘውን እሾህ አጥሩ ላይ ሰካው። ከዚያ «ታፈረ፣ ያን ስትናገር ከጀርባህ ቆሜ እሰማ ነበር። አፍ አጥቼ ነው እንዴ ዝም ያልኩት? አትችልም፣ ተመለስ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው» አለኝ። ቀጥሎም «ለልጁ ጻፍለት፤ እንጀራ ፈልጎ የመጣ አዲስ ሰው አላውቅም አይልም። ትችላለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ጆንያውን ሳይነካ ያስተምረው» አለ። ልወጣ ስል ደግሞ ከኋላዬ ጠራኝና «መርፌዋ እኮ ተገኘች፤ ለካ አንተ ጋ ኖራለች» አለኝ። ሳቅኩ ብልህ ውሸት ነው፤ አለቀስኩ ብልህ ደግሞ ትስቅብኛለህ።

ስለዚህ ልጄ፣ ያን ወረቀት ካሁኑ አትፈርም። ሰው ሲሸከም ከርሞ ከፋሲካ በኋላ የሚመጣ ትምህርት፣ ጅብ ከሄደ የጮኸ ውሻ ነው። አሠልጣኙን ቀድሞ እንዲመጣ ለምናቸው። እምቢ ካሉም የመጀመሪያዋን ቀን ለአንተ ይስጡህ፤ በባዶ ጆንያ፣ ቀጥሎ በግማሹ አስጀምራቸው፤ የምታውቀውን አሳያቸው። የሚጫን ሰው ካጣህ የቢሮውን ሹም አጋድመው፤ ከእኔ ይብስ ይጮሃል። ተምረው ስታይ ፈርም፤ ያኔ ፊርማህ ይጸናል። አለቅነቱን ቢነጥቁህ ለእናትህ «ጄኔራሉ ጡረታ ወጣ» እላታለሁ፤ ለውሸቱ እኔ አለሁልህ። አንተ ብቻ ቀና ብለህ ና።

አያትህ ወለተ ሩፋኤል ለሁለት ተከፍላ ናፍቃሃለች፤ ግማሹ ናፍቆት፣ ግማሹ መቼ ያገባል ነው። እናትህ አልጣሽ በእንባም በኩራትም ሰላም ትልሃለች። እህትህ ሰርካለም ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ የዚህን ደብዳቤ ፊደል ያረመችው እሷ ናትና ስሕተት ካገኘህ እሷን ውቀስ። ኢያቄምም ሰላም ብሎሃል። ደብዳቤውን ጋሸና ለሚወርደው ሹፌር እኔ ላድርስ ስለው «ተው፣ ይህችን እንኳ ሳታስተምረኝ እሸከማታለሁ» ብሎኝ እስክጨርስ ደጃፉ ላይ ይጠብቀኛል።

የሚወድህ አያትህ ታፈረ
ላስታ፣ ከአሸተን ማርያም ጎን
የካቲት ፳፬ ቀን ፲፱፻፺፱ ዓ.ም.